ማነጻጸሪያ

ከዞምባ ተነሥተን፣ ሦስት ሰዓት በመኪና፣
ቺልዋ ሐይቅ ዳር ወረድን፤ ሐይቁ ደርቋልና
«ዳር» ማለቱ ይከብዳል።
ታንኳዎቹ ተጋድመዋል፣ ቀለማቸው ተፈልፍሎ፣
ፍየል ከሥር ያመሰኳል ጥላቸውን ተጠልሎ።

እኔ ጠያቂ ነኝ፣ በውሎ አበል የማድር፣
መቶ አርባ ጥያቄ ታብሌት ላይ የምደረድር፦
«ስንቴ በላችሁ ትናንት? ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ?
ባለፈው ሰባት ቀን ማን ተነሣ ጦም አድሮ?»
«አዎ» ካሉኝ አንድ፣ «የለም» ካሉኝ ዜሮ።
ዝምታም ቁጥር አለው፤ ዘጠና ስምንት ነው።
«አላውቅም» ዘጠና ዘጠኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕጣ ወጣ። ዕጣ ስልህ
ባርኔጣ ውስጥ የሚታሽ ወረቀት እንዳይመስልህ፤
ኮምፒውተር ነው የጣለው፣ በሩቅ አገር ሌሊት፣
ለማንም ሳያዳላ፣ የማንንም ሳያይ ፊት።
ናምፔያ ላይ ገንዘብ ወደቀ፤ በየወሩ፣ በስልክ።
ከመንገዱ ማዶ፣ ማሶንጃ ላይ፣ ስም ብቻ፦
ማነጻጸሪያ።

ሊሎንግዌ አዳራሽ ውስጥ ክርክሩ ጦፎ ነበር፤
«ዓሣ አትስጡ፣ መረብ ስጡ» አለ አንዱ ሲመክር።
(መረቡ ማሶንጃ አለ። የጎመን አጥር ሆኗል።)
«በእጃቸው ስጧቸው፤ ድሃ የጎደለውን አያጣም»
አለች ሌላዋ። «ማስረጃ የሌለው ነገር አያዋጣም»
አሉ ዶክተሩ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።
ልክ ናቸው አልኩ ያኔ። ዛሬም አላጥፈውም።
ስንት የእጅ ፓምፕ አይቻለሁ፣ ተመርቆ የዛገ፣
የሪባኑ ቁራጭ ሳይበሰብስ ሥሩ ሣር ያደገ!
ገንዘቡም ለሁሉ አይበቃ፤ ዕጣ ካልተጣለ ደግሞ
የሹሙ የእህት ልጅ ይወስዳል ከሁሉ ቀድሞ።

ፋሌሲ ቤት ስገባ አራተኛ ዙሬ ነበር።
የቤት ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፤ በሩ ያው ጆንያ።
ምንጣፏን ዘርግታ አስቀመጠችኝ።
«እዚህ ቤት የሚያድረው ስንት ሰው ነው?»
«አራት።»
ታብሌቱ አምስት ይላል፣ ካለፈው ዙር ይዞ፤
ጣቴ ከመስታወቱ በላይ ቀረ ደንዝዞ።
«ጃይሎሲ» አለች። «በዝናቡ ወር፣ ኮሌራ።
ብስክሌት ለምነን እስክናገኝ ነጋ።»

ናምፔያ ያለው የእህቷ ልጅ፣ በዚያው ሳምንት የታመመው፣
የብስክሌት ታክሲ ተከፍሎለት ክሊኒክ ደርሶ ድኗል።
እሱን እኔው መዝግቤዋለሁ።
ዓምዱ ላይ «ውጤት» ይላል።

ወጉ ነውና፣ ታብሌቱን ዘግቼ፣
«ጥናቱን ይስጥሽ» አልኳት አንገቴን ደፍቼ።
ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም።
«ጥናቱንማ ሰጥቶናል፤ አራት ዙር፣ ሳይጓደል፤
መንገድ መሻገር ያቃተው ገንዘቡ ነው እንጂ፣ እንደ ዕድል።»
ቀጥላም፣ ወደ ውጭ እያየች፣ «ይቺ መኪናችሁ
ስንት ነዳጅ ትጠጣለች፣ ደርሶ መልሳችሁ?»

ጥያቄው ከመቶ አርባው ውስጥ የለም።
መልሱን ግን አውቀው ነበር፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው።
«አላውቅም» አልኳት።
ዘጠና ዘጠኝ።

የተሳታፊ ምስጋና አንድ ሳሙና ሰጥቼ፣
አውራ ጣቷን አስፈርሜ ወጣሁ፣ ጆንያውን ገልጬ።

ሪፖርቱ በግንቦት ታተመ። ገንዘብ መስጠት ይሠራል ይላል፣
ያለ ጥርጥር። ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ ከግርጌ፣ በደቂቅ ፊደል፦
«ከማነጻጸሪያው ቡድን የአባል ቁጥር በጥቂቱ ቀንሷል።»
አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በዚያው ሰሞን፣ ሰጪው አገር ምርጫ ነበረና፣
በጀቱ ታጠፈ፤ ናምፔያም ስልኩ ጭጭ አለና
ሁለቱ መንደሮች አሁን እኩል ናቸው።
ማነጻጸር አይቻልም።

ፋሌሲ፣ አሉኝ፣ ያቺን ሳሙና በቢላ ገምሳ
ግማሹን ለእህቷ ይዛ መንገዱን ተሻግራለች።
እኔ አላየሁም።
የምሞላበት ሣጥንም የለው።